ለሳቅ የሚከፍለው ማን ነው? የአማርኛ ኮሜዲ ከላሊበሎች ዜማ እስከ ክፍያ ቴሌቪዥን

ሳቅ ለሳቂው ያለ ዋጋ የሚገኝ ይመስላል፤ ሰውን ማሳቅ ሙያው የሆነ ሰው ግን በየትኛውም ዘመንና አገር የሚያኖረው ከፋይ ያስፈልገዋል። ከፋዩ አንዳንድ ጊዜ ቀልዱን የሰማው ሰው ራሱ፣ አንዳንድ ጊዜ መንግሥት፣ አንዳንድ ጊዜ ሸቀጡን ማስተዋወቅ የሚፈልግ ነጋዴ፣ ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በየወሩ የሚከፍል የቴሌቪዥን ደንበኛ ሆኖ ይገኛል። የኮሜዲ ታሪክ ሲወሳ ቀድሞ የሚነሣው የተዋንያኑ ስምና የቀልዶቹ ዝና ቢሆንም፣ ቀልዱ ምን መልክ እንደሚይዝ፣ ምን ያህል እንደሚደፍርና በማን አንደበት እንደሚነገር የሚወስነው በአብዛኛው የከፋዩ ማንነት ነው። የአማርኛ ኮሜዲ ከሕዝባዊ ጨዋታ ተነሥቶ ወደ መድረክ፣ ከዚያም ወደ ቴሌቪዥን፣ በመጨረሻም ወደ ክፍያ ቴሌቪዥን የተጓዘበትን መንገድ በዚህ በኩል መመልከት የወሎዎቹን ከተሞች ደሴንና ኮምቦልቻን በተለይ ይመለከታል፤ ወሎ ከጥንት ጀምሮ የጨዋታ አገር ሆኖ ሳለ በቴሌቪዥኑ ዘመን ከአቅራቢነት ይልቅ በተመልካችነት ቀርቷልና።

የክፍያ ቴሌቪዥን የሚባለው ሥርጭቱ በኮድ ተቆልፎ የሚተላለፍ፣ ቁልፉን የሚፈታው ዲኮደር የተባለው መሣሪያም የደንበኛው ክፍያ እስካለ ድረስ ብቻ ምስሉን የሚያሳይ አገልግሎት ነው። ክፍያው ሲያበቃ ጣቢያዎቹ ይዘጋሉ፤ ሲታደስ ይከፈታሉ። በነፃ የሚሠራጭ ቴሌቪዥን ግን ዲሽ የሰቀለና ሪሲቨር ያገናኘ ሁሉ የሚያየው ሲሆን፣ ወጪው የሚሸፈነው ከመንግሥት በጀት ወይም ከማስታወቂያ ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ጣቢያው የሚሸጠው ዝግጅቱን ለተመልካቹ ነው፤ በሁለተኛው ዓይነት፣ በተለይም በንግድ ጣቢያዎች፣ የሚሸጠው የተመልካቹን ጊዜ ለማስታወቂያ አስነጋሪው ነው። ይህ ልዩነት ለዜናም ሆነ ለድራማ ትርጉም አለው፤ ለኮሜዲ ግን ወሳኝ ነው፤ ቀልድ የሚያስቀይመውን ሰው ሳይነካ ብዙ ርቀት መሄድ አይችልምና።

በደጃፍ የሚከፈል ሳቅ

ቴሌቪዥን ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት በወሎ የሳቅ ሙያ ነበረ። በወሎ፣ በሸዋና በጎጃም የሚታወቁት ላሊበሎች፣ ሐሚናም የሚባሉት፣ ሌሊቱ ሳይነጋ በየሰዉ ደጃፍ ቆመው በቅብብሎሽ የሚያዜሙ፣ የተሰጣቸውንም ተቀብለው መርቀው የሚሄዱ ናቸው። ሥራቸውን ከተራ ልመና የሚለየው ከዜማው በፊት የሚደረገው ዝግጅት ነው፤ የባለቤቱን ስም፣ ሙያውንና ቤተሰቡን ከጎረቤት አጣርተው ይመጡና ሁሉንም በግጥማቸው ውስጥ ያስገቡታል። የሰጠ ይወደሳል፣ ይመረቃል፤ የነፈገ ደግሞ መንደሩ እየሰማ በፌዝ ይሸነቆጣል። ስለዚህ ግጥሙ ለዚያ ቤት፣ በዚያ ማለዳ የተሠራ ነው፤ በሌላ ደጃፍ እንዳለ ቢደገም ትርጉሙን ያጣል።

አዝማሪውም በጠጅ ቤት በተመሳሳይ ሕግ ይሠራል። ማሲንቆውን ይዞ በተሰበሰበው ሰው መካከል እየተዘዋወረ የእያንዳንዱን እንግዳ መልክና አኳኋን በግጥም ያነሣል፤ እንግዳውም ራሱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ ይመልሳል፤ ሽልማቱም እዚያው ይከፈላል። የኢትዮጵያ ሙዚቃ ከሚታወቅባቸው አራት ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በወሎ ቦታዎች ስም መጠራታቸው ይህ ምድር ለጨዋታ ምን ያህል ሰፊ ቦታ እንደሰጠ ያመለክታል። ከሙያተኞቹ ውጪም የደሴው ሰኞ ገበያና የባቲ ገበያ አማራውን፣ ኦሮሞውን፣ አፋሩንና አርጎባውን፣ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ ስፍራ ሲያገናኙ ኖረዋል፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ሃይማኖት በሚኖርበት አካባቢ ፉገራ፣ ማለትም ወዳጅን ሳያስቀይሙ መንካት፣ አብሮ የመኖር ጥበብም ጭምር ነው።

ይህ ሥርዓት ሁለት ጠባዮች አሉት። ከፋዩ በአካል ፊት ለፊት ስለሚገኝ ቀልዱ መስመሩን መታ ወይም ሳተ የሚባለው ወዲያው ነው፤ የሙያው ደረጃ የሚጠበቀውም በዚህ ፈጣን ፍርድ ነው። በሌላ በኩል ግን ገቢው ከአንድ ደጃፍና ከአንድ ጠጅ ቤት አያልፍም፤ ባለሙያው በቆመበት ካልሆነ በቀር ሥራው ሌላ ቦታ ሊያስከፍልለት አይችልም። ከዚያ በኋላ የመጡት መድረክ፣ ካሴትና ቴሌቪዥን ሁሉ ይህን ሁለተኛውን ችግር ሲያቃልሉ የመጀመሪያውን በጎ ጠባይ በየደረጃው አሳጥተዋል።

ከመድረክ ወደ መንግሥት ቴሌቪዥን

ዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር የተወለደው በኮሜዲ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ መጀመሪያ የጻፉትና በአዲስ አበባ ለመኳንንቱ የታየው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የእንስሳትን ተረት መነሻ አድርጎ የቤተ መንግሥቱን አሠራር የሚነቅፍ ሥራ ስለነበር፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መንግሥት ከለከለው። ተመልካቹም፣ ከፋዩም፣ የሚነቀፈውም አንድ ወገን በሆነበት አዳራሽ የመጀመሪያው ኮሜዲ ዕድሜ አጭር መሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም። ጸሐፊው ከዓመታት በኋላ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት በማርቀቅ ሌላ ስም አተረፉ፤ ኮሜዲው ግን ለብዙ ጊዜ ተከታይ አላገኘም።

ከዚያ በኋላ የሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም.፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ሲቋቋሙ መድረክ ትኬት የሚቆርጥ ተመልካች አገኘ። መንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» እና «ጠልፎ በኪሴ» በተሰኙት ተውኔቶቻቸው በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኮሜዲን ሙሉ የሥነ ጽሑፍ ክብር አጎናጸፉት፤ የጋብቻን ልማድ፣ የመደብን ትዕቢትና ከውጭ ተምሮ የተመለሰውን ወጣት ግራ መጋባት በሚጣፍጥ ምልልስ አሳዩበት።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን ሥርጭቱ መጀመሪያ ላይ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አያልፍም ነበር። የቀለም ሥርጭት በ1977 ዓ.ም. ከመጣና ጣቢያው ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ከሰፋ በኋላ ግን ደሴና ኮምቦልቻን ጨምሮ ብዙው ተመልካች አገር አቀፍ ኮሜዲን ያወቀው በዚሁ አንድ መስኮት ነው። በዚያው ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተደራጅተው ነበር፤ በደሴም የወሎ ላሊበላ ኪነት ማሪቱ ለገሠን የመሳሰሉ ድምፃውያን ያፈራ፣ ሙዚቃን፣ ውዝዋዜንና ጨዋታን በአንድ መድረክ የሚያቀርብ ቡድን ሆነ። ከፋዩ ግን በኪነቱም በቴሌቪዥኑም መንግሥት ነበር።

ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ተስፋዬ ካሳ፣ እንግዳዘር ነጋና ሌሎችም የአንድ ትውልድ የሳቅ ስሞች የሆኑት በዚህ መስኮት በኩል ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ያዳበሩት የጥንድ ኮሜዲ፣ ማለትም አንዱ አዋቂ ነኝ ባይ ሌላው የዋህ መሳይ ሆነው የሚመላለሱበት አቀራረብ፣ ከላሊበሎች ቅብብሎሽ ጋር ዝምድና ያለው፣ ለአማርኛ ጆሮ የተስማማ ስልት ነው። ዋናው ጊዜያቸው በዓል ነበር፤ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ በሚዘጋጁ ልዩ ዝግጅቶች የእነርሱ ክፍል የሚጠበቅ ሆነ። ይሁን እንጂ አንድ ጣቢያ ብቻ ባለበት አገር በዓመት ጥቂት ጊዜ መታየት ዝና እንጂ ኑሮ አይሆንም፤ የመንግሥት ከፋይነትም ቀልዱን ወደ ምክር አዘነበለው፤ ስግብግቡ፣ ሰካራሙና አጉል አማኙ ሲነቀፉ ባለ ሥልጣኑ በአብዛኛው ሳይነካ ይታለፋል።

ኑሮውን ለመሙላት ኮሜዲያኑ ወደ ካሴት ዞሩ። የቀልድ ካሴት፣ በኋላም ቪሲዲ፣ ቀልዱን ከቴሌቪዥኑ ፈቃድ ነፃ አውጥቶ በቀጥታ ለአድማጭ ሸጠው። በአገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ በሻይ ቤትና በየመኖሪያ ቤቱ የተሰማው ይህ ካሴት አድማጩን እንደገና ከፋይ አደረገው፤ ነገር ግን አንድ ቅጂ ከተሸጠ በኋላ በየሙዚቃ ቤቱ ያለ ፈቃድ መባዛቱ ገቢውን ከባለሙያው እጅ አወጣው። አለባቸው ተካ በበኩሉ «አለ ሾው» በተሰኘው ዝግጅቱ እንግዳ ተቀብሎ በጨዋታ የማነጋገርን ስልት ለኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ካስተዋወቁት ቀዳሚዎች አንዱ ሆኖ ሌላ መንገድ ከፈተ።

ለኮሜዲ ብቻ የቆመ ጣቢያ

የአማርኛ ኮሜዲ በካሴት በሚኖርበት በዚያው ጊዜ በአሜሪካ ለኮሜዲ ብቻ የቆመ የክፍያ ጣቢያ ተፈጠረ፤ ታሪኩም ለኢትዮጵያ አንባቢ ብዙ የሚያስተምረው አለው። ኤችቢኦ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በኅዳር 1989 «ኮሜዲ ቻናል»ን ከፈተ፤ ዝግጅቱ ከፊልሞችና ከመድረክ ሥራዎች ተቆርጠው የተወሰዱ አጫጭር ቀልዶችን በአቅራቢ እያገናኙ ማሳየት ነበር። ከአምስት ወራት በኋላ፣ በሚያዝያ 1990፣ ኤምቲቪን የሚያስተዳድረው ተቋም «ሃ!» የተሰኘ ተፎካካሪ ጣቢያ አቆመ፤ ይህኛው በአብዛኛው የቆዩ ሲትኮሞችን ይደግም ነበር። ሲትኮም የሚባለው የታወቁ ገጸ ባሕርያት በአንድ ቦታ፣ በቤት፣ በቢሮ ወይም በካፌ፣ በየክፍሉ አዲስ ገጠመኝ የሚያጋጥማቸው ተከታታይ ኮሜዲ ነው።

ሁለቱም ከሰሩ። በአሜሪካ ቤት ለቤት የሚዘረጋውን የኬብል መስመር የሚያስተዳድሩ ድርጅቶች ለእያንዳንዱ ጣቢያ በደንበኛ ቁጥር ልክ አነስተኛ ወርኃዊ ክፍያ ስለሚከፍሉ፣ ተመሳሳይ ሁለት የኮሜዲ ጣቢያ መያዙን አልወደዱትም። ስለዚህ ተፎካካሪዎቹ በሚያዝያ 1991 ተዋሕደው አንድ ጣቢያ ሆኑ፤ ጣቢያውም በዚያው ዓመት ሰኔ «ኮሜዲ ሴንትራል» የሚለውን ስም ያዘ። ውሕደቱ ኪሳራውን ቢያቀልም ጣቢያውን በእግሩ ያቆመው እርሱ አልነበረም። ተመልካች በሌላ ቦታ ያየውን ቀልድ ደግሞ ለማየት ለረጅም ጊዜ አይከፍልም፤ ኮሜዲ ሴንትራል ስሙን ያገኘው የራሱን ሥራ መፍጠር ሲጀምር ነው። በ1996 ዜናን በፌዝ የሚተረጉመው «ዴይሊ ሾው»፣ በ1997 ደግሞ «ሳውዝ ፓርክ» የተባለው የካርቱን ተከታታይ ተጀመሩ። ጆን ስቱዋርት በ1999 የዴይሊ ሾው አቅራቢ ከሆነ በኋላ ዝግጅቱ የአሜሪካ ፖለቲካ ራሱ የሚያዳምጠው ድምፅ ሆነ፤ በ2003 ከጣቢያው ሁለት ባለቤቶች አንዱ የሆነው ቫያኮም የአጋሩን ግማሽ ድርሻ ሲገዛ የከፈለው 1.2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር።

ኮሜዲ ሴንትራል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 የክፍያ ቴሌቪዥን አገልግሎት በሆነው በዲኤስቲቪ በኩል ወደ አፍሪካ ገባ። በደቡብ አፍሪካ ቋንቋውና ኮሜዲያኑ ስለነበሩ ጣቢያው ከአሜሪካ ሥራዎች ጎን ለጎን የአገሬውን የስታንዳፕ ኮሜዲ፣ ማለትም አንድ ሰው ያለ መጋረጃና ያለ ተባባሪ ፊት ለፊት ቆሞ የሚያቀርበውን ቀልድ፣ ማሳየት ቻለ። «ሮስት» የተባለውን ዝግጅትም አዘጋጀ፤ በዚህ ዝግጅት የተከበረ እንግዳ በመሃል ተቀምጦ ወዳጆቹ በየተራ በቀልድ ይሸነቁጡታል። ላሊበላን የሚያውቅ የወሎ ሰው ይህን ቢያይ እንግዳ ጥበብ ነው አይለውም፤ ልዩነቱ አንዱ ቋሚ ከፋይና ካሜራ ማግኘቱ፣ ሌላው አለማግኘቱ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ትሬቨር ኖዋ በመስከረም 2015 የዴይሊ ሾው አቅራቢነትን ከስቱዋርት መረከቡ ደግሞ የአፍሪካ መድረክ ያሳደገው ኮሜዲያን የት ድረስ መድረስ እንደሚችል አሳየ።

የጣቢያው የኋላ ታሪክ ግን ማስጠንቀቂያም አለው። ተመልካቹ ከኬብል ወደ ኢንተርኔት ሲዞር የደንበኛው ወርኃዊ ክፍያ ቀነሰ፤ ኮሜዲ ሴንትራልም አዳዲስ ሥራ ማዘጋጀቱን አሳንሶ በድጋሚ ሥርጭት መሙላት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2025 የሳውዝ ፓርክ የአምስት ዓመት የኢንተርኔት ሥርጭት መብት ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ሲዋዋል የታየው፣ ዋጋው የሚገኘው ከጣቢያው ሳይሆን ጣቢያው በጥሩ ዘመኑ ካስጻፈው ሥራ መሆኑ ነው።

ዲሽ፣ ስፖንሰርና ዩቲዩብ

በኢትዮጵያ የመንግሥት ቴሌቪዥን ብቸኝነት የተሰበረው በሳተላይት ነው። በ2000 ዓ.ም. መቀመጫውን በአሜሪካ ሜሪላንድ አድርጎ የተመሠረተው ኢቢኤስ ለመዝናኛ ሰፊ ሰዓት የሰጠ የመጀመሪያው ትልቅ የግል የአማርኛ ጣቢያ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው ቃና የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አቀረበ። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት የተባለው መድረክ ብዙዎቹን የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በአንድ የሳተላይት አቅጣጫ ሲያሰባስብ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ጣሪያዎች ላይ የነበሩት ዲሾች ፊታቸውን ወደዚያው አዞሩ።

የእነዚህ ጣቢያዎች ከፋይ ማስታወቂያ አስነጋሪ ነው፤ በሰፊው የሚታወቀው መልኩም ስፖንሰር፣ ማለትም የአንድን ዝግጅት ወጪ በስሙ ምትክ የሚሸፍን ድርጅት ነው። ስፖንሰር ለኮሜዲ አዲስ ዕድል ሰጠ። የጥላሁን ጉግሳ «ቤቶች» በመንግሥቱ ጣቢያ ሳይቀር ሳምንታዊ ሲትኮም ተመልካች እንደማያጣ አሳየ። በፋና ቴሌቪዥን የቀረበው «ምን ልታዘዝ» ደግሞ በ2010ዎቹ መጀመሪያ፣ በአገሪቱ የፖለቲካ ለውጥ ሰሞን፣ አንድን ካፌ የአገር ምሳሌ አድርጎ ባለቤቱን፣ አስተናጋጆቹንና ደንበኞቹን በአስተዳደርና በሥልጣን ጉዳይ አነጋገረ፤ ከፋቡላ ወዲህ ብዙ ጊዜ በምልክት ብቻ የተነገረውን ነገር በሳምንታዊ የቴሌቪዥን ዝግጅት ማየት ለብዙ ተመልካች አዲስ ነበር።

ስፖንሰር ግን የራሱ ፍርሃት አለው። ስሙ ከአወዛጋቢ ቀልድ ጋር እንዲነሣ ስለማይፈልግ ታዋቂ ሰው ተጋብዞ የሚጨዋወትበትን፣ ወጪው ያነሰና ጠብ የማያስነሣ ዝግጅት ይመርጣል፤ ሲትኮም ደግሞ ጸሐፊ፣ ተዋናይ፣ ቀረጻና ልምምድ ስለሚጠይቅ ስፖንሰሩ ሲወጣ አብሮ ይቆማል። በዚህ መካከል ኮሜዲያን እሸቱ መለሰን የመሳሰሉ ባለሙያዎች በዩቲዩብ የራሳቸውን ዝግጅት ከፍተው ሰፊ ተመልካች አፈሩ። በዩቲዩብ ከፋዩ እንደገና ማስታወቂያ ነው፤ ክፍያውም በዕይታ ብዛት ስለሚለካ በወር አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ከተሠራ ሥራ ይልቅ በየቀኑ የሚወጣውን ያበረታታል።

ዲኮደር በደሴና በኮምቦልቻ

እ.ኤ.አ. በ1995 በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው ዲኤስቲቪ በኢትዮጵያ ከተሞች ሥር የሰደደው በኮሜዲ ሳይሆን በእግር ኳስ ነው። በደሴ ፒያሳና በኮምቦልቻ መንደሮች «ዲኤስቲቪ ቤት» የሚባሉት የኳስ ማሳያ ቤቶች አንድን ዲኮደር የብዙዎች መገልገያ አደረጉት፤ ለወርኃዊ ክፍያ አቅም የሌለው ወጣት በር ላይ ከፍሎ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ያያል። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛም ሆነ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዚህ መንገድ የክፍያ ቴሌቪዥን ተመልካች ሆኗል፤ ስሙ በደንበኝነት መዝገብ ላይ ባይኖርም። በዚያው ዲኮደር ውስጥ ኮሜዲ ሴንትራልም ነበረ፤ ነገር ግን ቀልዱ በእንግሊዝኛ፣ የሚነቀፈውም ኑሮ የአሜሪካና የደቡብ አፍሪካ ስለሆነ በማሳያ ቤቶቹ ቦታ አላገኘም። ኳስ ያለ ትርጉም ይታያል፤ ቀልድ ግን ቋንቋንና አካባቢን ይጠይቃል።

የክፍያ ድርጅቶቹም ይህን ስለተገነዘቡ ወደ አማርኛ ዞሩ። ካናል ፕሉስ በ2013 ዓ.ም. በአማርኛ የተሰናዱ ጣቢያዎችን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ገበያ ገባ፤ የዲኤስቲቪ ባለቤት መልቲቾይስ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ አቦል ቴሌቪዥንን በዲኤስቲቪ ላይ ከፈተ። አቦል ሙሉ በሙሉ በአማርኛ የሚሠራ የመዝናኛ ጣቢያ ሲሆን፣ ለአገር ውስጥ አዘጋጆች ገንዘብ ከፍሎ ተከታታይ ድራማዎችንና ሌሎች ዝግጅቶችን በማስጻፍና በማስቀረጽ ይሞላል። ለኮሜዲ ብቻ የቆመ አይደለም፤ ሆኖም በአማርኛ ቴሌቪዥን ታሪክ የዝግጅቱ ዋና ከፋይ የደንበኛው ወርኃዊ ክፍያ እንዲሆን ያደረገ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሥራው ገና ሳይታይ ለጸሐፊና ለተዋናይ የሚከፍል ተቋም ማግኘት ለአማርኛ ኮሜዲ ረጅም ዕድሜ የመስጠት አቅም አለው። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ካናል ፕሉስ መልቲቾይስን ጠቅልሎ መያዙ ደግሞ ሁለቱን ተፎካካሪዎች በአንድ ባለቤት ሥር አዋላቸው፤ ውድድር ሲጠብ የአማርኛ ሥራ በጀት የሚሰፋ ወይም የሚጠብ መሆኑ ባለሙያዎች ሊከታተሉት የሚገባ ጉዳይ ነው።

አቦል በተከፈተበት በዚያው ዓመት፣ በጥቅምት ማብቂያ፣ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ሁለቱ ከተሞች እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ በታጣቂዎች እጅ ቆዩ፤ ሰው ሞተ፣ ተፈናቀለ፣ ተቋማት ተዘረፉ። መብራትና ኔትዎርክ ለሌለው ከተማ የደንበኝነት ክፍያ ትርጉም የለውም፤ ከዚያ በኋላም የኑሮ ውድነት የዲኮደርን ወርኃዊ ክፍያ ለብዙ ቤተሰብ ከሚቀነሱት ወጪዎች የመጀመሪያው አደረገው። የክፍያ ቴሌቪዥን ቋሚ ገቢ የሚያገኘው ደንበኛው ቋሚ ገቢና ሰላም ሲኖረው ብቻ መሆኑን የደሴና የኮምቦልቻ ሁኔታ በግልጽ ያሳያል።

የሚሳቅበት አነጋገር፣ የሚያስቅ አነጋገር

ከዚህ ሁሉ ጉዞ በኋላ አንድ ጎልቶ የሚታይ ጉድለት አለ። የአማርኛ ኮሜዲ ማምረቻው አዲስ አበባ በመሆኑ የክፍለ ሀገር ሰው በቴሌቪዥን ሲታይ ብዙ ጊዜ ከተማ የገባ፣ ሊፍት የሚያስደነግጠው፣ አነጋገሩ ራሱ ቀልድ ሆኖ የሚቀርብ ገጸ ባሕርይ ነው። የወሎ ለዛ፣ የጎጃም አነጋገር ወይም የጎንደር ዘዬ በዚህ አቀራረብ የሚሳቅበት እንጂ የሚያስቅ አይደለም። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ በመጀመሪያው ሰውየው የቀልዱ ዒላማ ነው፤ በሁለተኛው የቀልዱ ባለቤት ነው። ላሊበላው በደጃፉ፣ አዝማሪው በጠጅ ቤቱ፣ ነጋዴው በሰኞ ገበያ የቀልዱ ባለቤት ነበሩ፤ በቴሌቪዥኑ ግን ዘሮቻቸው ዒላማ ሆነው ተመለሱ። ምክንያቱ ክፋት ሳይሆን የገንዘቡ መንገድ ነው፤ መንግሥቱም፣ ስፖንሰሩም፣ የክፍያ ድርጅቱም መቀመጫቸው አዲስ አበባ ስለሆነ ጸሐፊውን የሚፈልጉት በአቅራቢያቸው ነው።

ለአማርኛ ኮሜዲ ብቻ የሚቆም የክፍያ ጣቢያ ይቋቋም ቢባል የአሜሪካው ታሪክ ከወዲሁ መልሱን ይሰጣል። የተቆራረጠ ቀልድ የሚደጋግም ጣቢያ አይጸናም፤ የቆየ ሥራ ብቻ የሚያሳይም አይጸናም፤ የሚጸናው ተመልካቹ በሌላ ቦታ የማያገኘውን አዲስ ሥራ ያለማቋረጥ የሚያስጽፍ ነው። ለዚያ የሚበቃ የጸሐፊ ብዛት ደግሞ ከአንድ ከተማ ሊገኝ አይችልም። ደሴ የኪነት ልምድ፣ የቴአትር አዳራሽና የሬዲዮ ጣቢያዎች አሏት፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎቹ ወጣት ጸሐፊና ተዋናይ ሊያወጣ የሚችል ማኅበረሰብ አለው፤ ከባሕር ዳር የሚሠራጨው የአማራ ክልል መገናኛ ብዙኃንም የክልሉን አነጋገሮች ሳያፍር ማሰማት የሚችል ነው። እነዚህ ተገናኝተው በየሳምንቱ በደሴ መድረክ የሚታይ የስታንዳፕና የአጫጭር ኮሜዲ ዝግጅት ቢያቋቁሙ፣ ተመልካቹም በትኬት ቢከፍል፣ ተፈትኖ የተመረጠው ሥራ ለሬዲዮ፣ ለቴሌቪዥንና ለክፍያ ጣቢያ የሚቀርብ ይሆናል። በዚህ ቅደም ተከተል ጥንታዊው ፈጣን ፍርድ፣ ማለትም ፊት ለፊት የተቀመጠው ከፋይ ሳቅ ወይም ዝምታ፣ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ወደ ሥራው ይመለሳል።

የክፍያ ድርጅቶችም በበኩላቸው የሥራ ጥሪያቸውን ከአዲስ አበባ ውጪ ሊያወጡ፣ ለክልል ጸሐፊዎች የተለየ በጀት ሊመድቡ ይገባል፤ ይህም ለጽድቅ የሚደረግ ሳይሆን ለራሳቸው የሚጠቅም ነው፤ ዲኮደሩን ከበዓልና ከኳስ ውጪ የሚያስከፍት ምክንያት የሚገኘው ሰው የራሱን ጎረቤት፣ የራሱን ገበያና የራሱን ለዛ በማያው ላይ ሲያገኝ ነውና። ከመቶ ዓመት በፊት የአማርኛ ኮሜዲ የተከለከለው ከፋዩና የሚነቀፈው አንድ ስለሆኑ ነበር፤ ዛሬ ከፋዩ በየቤቱ ያለ ደንበኛ መሆን ጀምሯል። ይህ ደንበኛ በደሴም በኮምቦልቻም አለ፤ የሚከፍልበት ሥራ ከዚያው ከደሴና ከኮምቦልቻ እንዲጻፍለት መጠየቅም መብቱ ነው።